ትሬለሩ ሌላ፣ ፊልሙ ሌላ፦ ሥነ ልቦናዊ ትሪለርን ሳይዋሹ እንዴት ማስተዋወቅ ይቻላል?

ደብዛዛ መስኮት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር (ልብ አንጠልጣይ) ፊልሞች ማስታወቂያ ነው። ይህ ዘውግ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው፤ ዋናው ሀብቱ ምስጢሩ ነው። ምስጢሩን ትሬለሩ (የፊልሙ አጭር ማስታወቂያ) ላይ ካወጡት ፊልሙ አለቀለት፤ ካላወጡት ደግሞ የሚሸጡት ነገር ያጣሉ። ስለዚህ አከፋፋዮች ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ፤ ፊልሙን ያልሆነውን አድርገው ያቀርቡታል። አንዲት ሴት የገዛ ትዝታዋን መጠራጠር ስትጀምር የሚያሳይ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ፊልም በፖስተሩና በትሬለሩ ላይ ጭራቅ ያለበት አስፈሪ ፊልም ይሆናል። ሰው ጭራቁን ሊያይ ይገባል፤ ጭራቅ የለም፤ ተናዶ ይወጣል።

አራት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህ የተሳሳተ ግምት ተመልካቹ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምን ያደርገዋል? ፊልሙ ያው ፊልም ሆኖ ሳለ ለምን የባሰ ይመስላል? በመደበቅና በመዋሸት መካከል ያለው ድንበርስ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ትሬለር የሚቆርጥ (የሚያቀናብር) ሰው በተግባር ምን ማድረግ፣ ምን መተው አለበት? ምሳሌ ስታነሱ የፊልሞቹ ምስጢር ቢነገርም ግድ የለም።

መቀስና ክር፦

ከድንበሩ ልጀምር፤ ሌላው ከእሱ ይከተላል። በፊልሙ ውስጥ የሚሆነውን መደበቅ ይቻላል፤ የፊልሙን ዓይነት መደበቅ ግን አይቻልም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዋሸ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ተመልካቹ አስቀድሞ ባያውቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ፊልሙ ይሮጣል ወይስ ዝግ ይላል? አደጋው የሚመጣው ከውጭ ነው ወይስ ከሰውየው ከራሱ ጭንቅላት? መጨረሻው መልስ ይሰጣል ወይስ ጥያቄውን ትቶ ይሄዳል? በእነዚህ በሦስቱ ከተሳሳተ ግን ትኬት የቆረጠው ለሌላ ፊልም ነው።

ከ1960ው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ሳይኮ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአልፍሬድ ሂችኮክ ትሬለር ከስድስት ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ታሪኩን ግን አይነግርም። ዳይሬክተሩ ራሱ እንደ አስጎብኚ ሞቴሉንና ቤቱን እየዞረ ያሳያል፤ እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ነገር እንደደረሰ ጀመር አድርጎ ይተወዋል፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ የምትጮኸው ሴት ባለታሪኳ ጃኔት ሊ አይደለችም፤ ዊግ ያጠለቀችው ቬራ ማይልስ ናት። ይህ ማታለል ነው ወይ? ማን እንደሆነች በተመለከተ አዎ። ስለ ፊልሙ ስሜት ግን አንድም ውሸት የለበትም፤ ሰው ቀዝቃዛና ክፉ ነገር ጠብቆ ገባ፣ ያንኑ አገኘ። ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ የሚለው ታዋቂ ደንብም የዚሁ አካል ነው። ዋናዋ ተዋናይት ፊልሙ ሳይጋመስ ትሞታለች፤ አርፍዶ የገባ ሰው ፖስተሩ ላይ ያያትን ሴት ሲጠብቅ ያመሽ ነበር።

በሌላው ጫፍ የ2017ቱን «ኢት ካምስ አት ናይት» አስቀምጡ። ርዕሱ «በሌሊት ይመጣል» ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ጨለማ ጫካና የተዘጋ ቀይ በር ያሳያል። የሚመጣ ነገር ግን የለም። ፊልሙ ከወረርሽኝ ሸሽተው አንድ ቤት ውስጥ ስለተጠጉ ሁለት ቤተሰቦችና ከውስጥ ስለሚበላቸው ጥርጣሬ ነው። ተቺዎች በብዛት አመሰገኑት። በመጀመሪያው ምሽት ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ግን የተመልካቾችን ደረጃ በሚሰበስበው በሲኒማስኮር «ዲ» ሰጠው።

እንግዲህ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሳለ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ትዕይንት አስቡ። ሴትየዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አርባ ሰከንድ ትቆማለች። ከወዲያ ባሏ በስልክ ያወራል፤ ቃሉ አይለይም። የሚያየውን ፊልም ዓይነት የሚያውቅ ተመልካች ፊቷን ነው የሚያየው፤ እየሰማች ነው ወይስ እየፈጠረች? ጥፍሯ ሳታውቀው የበሩን ቀለም ሲልጥ ያስተውላል። ጭራቅ ቃል የተገባለት ሰው ደግሞ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ ይቃኛል፤ የሆነ ነገር ብቅ እስኪል። አርባው ሰከንድ ሲያልቅ የመጀመሪያው ሁለት ፍንጭ ይዟል፣ ሁለተኛው «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ዘግቶታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊልሙ ወደ ተላጠው በር ሲመለስ ሁለተኛው ሰው በሩን አያስታውሰውም። ስለዚህ «ፊልሙ ትርጉም የለውም» ሲል እየዋሸ አይደለም። ፍንጩ ሲያልፍ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር፤ ወደዚያ የላከው ደግሞ ማስታወቂያው ነው። ይህ ዘውግ ከሌሎች ሁሉ የበለጠ የሚጎዳው በዚህ ነው። የተኩስ ፊልም በተሳሳተ ግምት ብትገባም ተኩሱ ይታይሃል፤ እዚህ ግን የት ማየት እንዳለብህ ካላወቅክ ፊልሙ ራሱ አይታይህም።

አሁን ወደ መቁረጡ። ውሸቱ እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሊተወው አይችልም። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ አንዱን የተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ጋር እያፈራረቀ ሲያገጣጥም ተመልካቹ በዚያው በማይለወጥ ፊት ላይ ረኀብ፣ ሐዘንና ምኞት አነበበ። ትሬለር ይህንኑ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። በፊልሙ ሴትየዋ ደንግጣ የምታየው የተሰበረ ብርጭቆ ነው፤ በትሬለሩ ብርጭቆው ይወጣና ከሌላ ትዕይንት የመጣ፣ በር ላይ የቆመ ጥላ ይገባል። ሁለቱም ሾቶች (ሳይቆረጡ የሚታዩ ቀረጻዎች) የፊልሙ ናቸው። ውሸቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከምስሉ ይልቅ አብዝቶ የሚዋሸው ግን ድምፅ ነው። ያንን አርባ ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል አሳጥሩት፤ ከሥሩ ቀስ እያለ የሚወጣ ወፍራም ጉርምርምታ አስገቡ፤ ግማሽ ሰከንድ ዝም አሰኙት፤ ከዚያ ባዶ ጥቁር ላይ አንድ ከባድ ምት ጣሉበት። ስለ ጥርጣሬ የነበረው ትዕይንት «ከበሩ ወዲያ የሆነ ነገር አለ» ሆነ። በ2005 አንድ ኤዲተር የ1980ውን «ዘ ሻይኒንግ» ሙዚቃ ቀይሮ፣ ተራኪ ጨምሮ፣ ሾቶቹንም መርጦ ልብ የሚያሞቅ የአባትና የልጅ ፊልም አስመስሎት ነበር። ያ ለመዝናኛ የተሠራ ልምምድ ነው፤ መሣሪያው ግን ያው ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ጥሬ ዕቃችሁን ከፊልሙ የመጀመሪያ አንድ ሦስተኛ ብቻ ውሰዱ፤ 105 ደቂቃ ከሆነ ከ35ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን አትንኩ። ምስጢሩ በዚህ ብቻ ይጠበቃል፤ ሌላ መሸፈኛ አያስፈልገውም። ፊልሙ ውስጥ ድንገት የሚያስደነግጡ ቅጽበቶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ትሬለሩ ላይ ቢበዛ አንድ ይግባ፤ አራት ከሆኑበት ሁለቱን የፈጠራችኋቸው እናንተ ናችሁ። የጥያቄ ድምፅ ከአንድ ትዕይንት፣ የመልስ ድምፅ ከሌላ አምጥታችሁ አታገናኙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሾት ሳይቆረጥ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ይቆይ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የፊልሙ ሾት በአማካይ 10 ሰከንድ የሚቆይ ሆኖ የ120 ሰከንድ ትሬለር 100 ሾት ከታጨቀበት ፍጥነቱን ስምንት እጥፍ ዋሽታችኋል። አንድ ረጅም ሾት ግን ለትዕግሥተኛው ተመልካች «ይህ ያንተ ነው»፣ ለቸኳዩ ደግሞ «ይቅርብህ» ይለዋል። ቸኳዩን በር ላይ መመለስ ኪሳራ አይደለም፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሲያማ ይከርም ነበር።

ሒሳብ ሹሙ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ልከራከር፤ ለአከፋፋዩ ቸኳዩን መመለስ ኪሳራ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የ2004ቱ «ዘ ቪሌጅ» በጫካ ውስጥ ባሉ ፍጡሮች ተሸጠ፤ ፍጡሮቹ ምን እንደሆኑ ያየ ሰው ቅሬታውን ያውቀዋል። በመክፈቻ ሳምንቱ መጨረሻ በአሜሪካ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ወደቀ። አወዳደቁ ከባድ ነው፤ በጠቅላላው ግን ከ100 ሚሊዮን አልፎ ትርፋማ ሆኗል። እንግዲህ ውሸቱ አንዳንዴ ይከፍላል፤ ይህን ሳንሸፋፍን ነው መነጋገር ያለብን። የሚከፍለው ግን ፊልሙ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ስክሪን ላይ ሲወጣና ወሬው ሳይደርስ ገንዘቡ ሲሰበሰብ ነው። በጥቂት አዳራሽ ተጀምሮ በሰው ምስክርነት እንዲሰፋ የታሰበ ፊልም ግን መጀመሪያ የሚያየው ሰው ነው ማስታወቂያው፤ እሱን ካስከፉት ሁለተኛ ሳምንት የሚባል ነገር የለም።

ሲኒማስኮር ከላይ ስለተነሳ ምን እንደሚለካ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የጥራት ነጥብ ይመስለዋል። ድርጅቱ በመክፈቻው ምሽት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለተመልካቹ ካርድ ሰጥቶ ከ«ኤ ፕላስ» እስከ «ኤፍ» ደረጃ ያስሰጣል። የመክፈቻው ምሽት ታዳሚ ማለት ደግሞ ትሬለሩ ያመጣው ሰው ማለት ነው፤ ወዳጅ መክሮት የሚመጣው ገና አልደረሰም። ስለዚህ ደረጃው «ፊልሙ ጥሩ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ቃል የተገባልህን አገኘህ?» ለሚለው የቀረበ መልስ ነው። የ2017ቱ «ማዘር!» የተሸጠው በቤታቸው እንግዳ የገባባቸው ባልና ሚስት ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ተደርጎ ነው፤ ውስጡ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ ምሳሌያዊ ታሪክ ነው፤ «ኤፍ» ተሰጠው። ከተቺዎች መካከል እጅግ የወደዱት ነበሩ። ተቺ በተመሰገነ ፊልም ላይ «ዲ» ወይም «ኤፍ» ስታዩ መጀመሪያ ማስታወቂያውን መርምሩ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አስፈሪ ፊልሞች በጥቅሉ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው የሚያገኙት፤ በዚያ ዘውግ «ሲ ፕላስ» አደጋ አይደለም።

ከኋላው ያለው ሐሳብ በገበያ ጥናት የቆየ ነው። ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 እንደጻፈው እርካታ የሚወለደው ከተገኘው ነገር ብቻ ሳይሆን በተገኘውና በተጠበቀው መካከል ካለው ልዩነት ነው። ይህ ለሳሙናም ይሠራል። ሳሙና ግን ባያረፋም እጅ ያጠባል፤ ፊልም ግን ግምቱን ካላሟላ የሚሰጠው ሌላ አገልግሎት የለውም።

ደብዛዛ መስኮት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የበሩ ምሳሌ ነገሩን ወለል አድርጎ አሳየኝ። አንድ ልጠይቅ። ትሬለሩ ላይ ኖሮ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሾት ወይም ንግግር ሲያጋጥም ሁልጊዜ ማታለል ነው ማለት ይቻላል? ደግሞ ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ እያየ ለምን ዝም ይላል?

መቀስና ክር፦

ሁልጊዜ አይደለም። ትሬለር የሚሠራው ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሳያልቅ፣ ከዕለት ቀረጻዎችና ከጥሬ ቅንብር ነው። ዳይሬክተሩ ኋላ ላይ ትዕይንቱን ቢያወጣው ትሬለሩ አስቀድሞ ወጥቷል። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው፤ የፊልሙ አቀናባሪ ስላልጨረሰ ለትሬለር ተብሎ ከተዘጋጀ ክምችት ይገዛል። የስሜቱ ዝንፈት ትልቁ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ክምችቱ ውስጥ ያለው ሙዚቃ ለጩኸት እንጂ ለጥርጣሬ የተሠራ አይደለምና። ተንኮል የሌለበት ስሕተት ነው፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። መፍትሔው አቀናባሪውን ገና በመጀመሪያው የቅንብር ደረጃ አንድ የሁለት ደቂቃ ረቂቅ መጠየቅ ነው፤ በአንድ መሣሪያ የተጫወተ ቢሆን እንኳ ከተገዛው ይሻላል።

ዳይሬክተሩን በተመለከተ፣ ፊልሙን የመጨረሻ ቅርጽ የማስያዝ መብት በውል ቢኖረው እንኳ ያ መብት ማስታወቂያውን አያካትትም፤ ለብቻው ካልተጻፈለት በቀር። መጻፍ የሚገባው በውሉ ላይ ነው፤ ቢያንስ «ሳይማከር አይወጣም» የሚል አንድ መስመር።

የኋላ ወንበር፦

ከተመልካች በኩል ልጨምር፤ የሚሸጠው ሰው እስኪታረም ድረስ የሚገዛው ራሱን መጠበቅ ይችላልና።

ትሬለሩን አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። የሚያስፈራው ነገር ግማሹ ይረግፋል፤ የቀረው የፊልሙ ነው። ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ መስኮት ሲያዩ፣ መኪና ሲነዱ ብቻ ከቀረ ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ አውቃችኋል። ቀጥሎ የልብሱንና የጸጉሩን ነገር ተከታተሉ። አስደንጋጭ የሚመስሉት ሾቶች ሁሉ ባለታሪኳ በአንድ ልብስ ሳለች የተቀረጹ ከሆነ ከአንድ ሌሊት ትዕይንት ተለቅመው ነው፤ የቀረው አንድ ሰዓት ከግማሽ እንደዚያ አይደለም። የእሷ ፊትና የምታየው ነገር በአንድ ሾት ውስጥ አንድ ላይ ካልታዩም መጋጠሚያውን አትመኑ። የብርሃኑ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል፤ ፊቷ ላይ የመስኮት ብርሃን እያለ የምታየው ጥላ በመብራት ቢጫ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው።

ከትሬለሩ ይልቅ አከፋፋዩ የሚያወጣውን የአንድ ደቂቃ ያልተቆራረጠ ቅንጭብ ፈልጉ። እሱ ስለ ፍጥነቱ አይዋሽም። የዕድሜ ገደቡ ሥር የሚጻፈውን አጭር ምክንያትም አንብቡ፤ የሚጽፈው አስተዋዋቂው ሳይሆን ፊልሙን ሙሉውን ያየ ቡድን ነው። «ብርቱ ግፍና ደም» ካለ አንድ ነገር ነው፤ «የሚረብሹ ምስሎችና አስነዋሪ ንግግር» ብቻ ካለ ጭራቁን እርሱት።

የቤት ውስጥ ስርጭት ላይ ደግሞ ትንሿን ምስል ተጠንቀቁ። ኔትፍሊክስ ለአንዱ ፊልም ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ምስል እንደሚያቀርብ በ2017 ራሱ አብራርቷል። አስፈሪ ፊልም ለሚያዘወትር ሰው ጨለማ ኮሪደር፣ ፍቅር ለሚያዘወትር ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ሊወጣለት ይችላል። ፊልሙ አንድ ሳለ ግምቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ወዳጃሞች አይተውት ሲጨቃጨቁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ማኅተም፦

ሕጉ የት እንዳለ ማንም ስላላነሳ በአጭሩ። በ2011 «ድራይቭ» የተባለውን ፊልም ያየች ተመልካች ትሬለሩ የመኪና ማሳደድ ፊልም አስመስሎታል ብላ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ክስ መሥርታ ነበር፤ ፍርድ ቤት አልተቀበላትም። ዘውግና ስሜት ለሰው የተተወ ነገር ነው፣ በዳኛ ፊት ለመለካት ያስቸግራል። በታኅሣሥ 2022 ግን አንድ የፌደራል ዳኛ «የስተርዴይ» በተባለው ፊልም ክስ ላይ ትሬለር የንግድ ንግግር ስለሆነ የሐሰት ማስታወቂያ ሕግ ሊመለከተው ይችላል ሲል ወሰነ። የከሳሾቹ ቅሬታ ትሬለሩ ላይ የነበረችው ተዋናይት ፊልሙ ውስጥ የለችም የሚል ነበር። ዳኛው መስመሩን ያጠበበው እዚያው ላይ ነው፤ ጥያቄው አንድ ተዋናይ ወይም ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው እንጂ ፊልሙ እንደታሰበው አስፈሪ ነው ወይ አይደለም።

የፖስተር ጥቅሶችንም አትርሱ። በ2000 እና በ2001 የሶኒ ሰዎች በዓለም ላይ ያልነበረ ተቺ ፈጥረው በስሙ ምስጋና ሲያትሙ ነበር፤ «ሆሎው ማን» የተባለው ትሪለር ከተመሰገኑት አንዱ ነው። በ2005 የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደርጎ ለተመልካች በትኬት 5 ዶላር እንዲመለስ ሆነ። ዛሬ የሚያጋጥመው ከዚያ ለስለስ ያለ ነው፤ ነጥብ ነጥብ። «አስፈሪ… አይረሳም» የሚለው ጥቅስ ሙሉው «አስፈሪ ሊሆን ሞክሮ ያልሆነ፣ ስንፍናው ግን አይረሳም» ሊሆን ይችላል። ነጥቦቹ ካሉ ሙሉውን ጽሑፍ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሒሳብ ሹሙ፦

አንድ ነገር ለጠያቂው ልተው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬውኑ ሊሠራበት የሚችል ነው። ትሬለር ሲፈተሽ የሚጠየቀው «ልታየው ትፈልጋለህ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ለጩኸተኛው ትሬለር ነው የሚፈርደው። ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። ፊልሙን ያላዩ አሥር ሰዎች ሰብስቡ፤ ትሬለሩን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩአቸው፤ ሳይነጋገሩ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ አደጋው ምንድን ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው፣ ፊልሙ ይሮጣል ወይስ ዝግ ይላል። ወረቀቱን ሰብስቡና ፊልሙን ሙሉውን አሳዩአቸው፤ ሲጨርሱ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች እንደገና ይመልሱ። አንደኛው መልስ ቢለያይ ግድ የለም፤ መደበቅ ማለት እሱ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከአሥሩ በአራቱ ላይ ከተገለበጠ ትሬለሩን መልሳችሁ ቁረጡ። ስትቆርጡም በድምፁ ጀምሩ፤ ምስሉን ሳይነኩ የመጨረሻውን ሃያ ሰከንድ ሙዚቃ ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።